የራስ ምልክትና የልብ ፈቃድ

ሰው ሐሳቡን የሚገልጠው በአንደበቱ ብቻ አይደለም። አንደበት ገና ሳይከፈት ዐይንና ቅንድብ፥ አንገትና ራስ አስቀድመው ይናገራሉ። በአገራችን ልማድ ያፈረ ሰው አንገቱን ይደፋል፤ መርዶ የሰማ ራሱን በሁለት እጁ ይይዛል፤ የዛተ ሰው ከንፈሩን ነክሶ ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፤ የተደነቀም እንደዚሁ ራሱን ይነቀንቃል፤ እንቅልፍ የከበደው በተቀመጠበት ያንጎላጃል፤ ታናሽ ታላቁን በመንገድ ባገኘ ጊዜ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። «አዎን» ለማለት የፈለገ ግን ቅንድቡን ከፍ፥ ራሱንም ጥቂት ወደ ኋላ ቀና ያደርጋል፤ አንዳንድ ጊዜም ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ ያሰማል። ይህ ምልክት በደሴ ገበያ ሻጭና ገዢ ሲነጋገሩ፥ በኮምቦልቻም ጎረቤት ለጎረቤቱ ከደጅ ሆኖ ሲመልስ በየሰዓቱ የሚታይ ነው።

ነገሩ ከማነሱ የተነሣ በአገራችን ሰው ዘንድ እንደ ቁም ነገር ተቈጥሮ የሚጻፍ አልነበረም። ነገር ግን ይህ ትንሽ ምልክት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1872 በለንደን ከታተመ አንድ ስመ ጥር መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ ተገኝቷል። ወደ መጽሐፉም የገባበት መንገድ ከዚሁ ከወሎ ምድር፥ ከመቅደላ አምባ የተነሣ ነው። ስለዚህ የራስ ምልክት ታሪክ ሲነገር አብሮ የሚነገር የአንድ ሕፃን ታሪክ አለ፤ እርሱም የሰውን ፈቃድ በምን እንደምናውቀው የሚያስተምር ነው።

አስቀድሞ ግን ምልክቱ በሌሎች ሕዝቦች ዘንድ እንዴት እንደ ሆነ ማየት ይገባል። ብዙ ሰው ራስን ወደ ታች ዝቅ ማድረግ በዓለም ሁሉ «አዎን»፥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መነቅነቅም በዓለም ሁሉ «አይደለም» ማለት ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። የግሪክ ሰዎች ከጥንት ጀምረው ራሳቸውን ወደ ታች ሲያዘነብሉ ይፈቅዳሉ፥ ወደ ላይ ቀና ሲያደርጉ ግን እንቢ ይላሉ። ሆሜር የተባለው ባለቅኔያቸው ዜውስ የሚሉት አምላካቸው ራሱን ዝቅ አድርጎ ፈቃዱን በሰጠ ጊዜ ተራራው ኦሊምፖስ እንደ ተናወጠ ተርኳል። በላቲን ቋንቋም ኑሜን የሚለው ቃል የአምላክን ፈቃድና ኃይል የሚያመለክት ሲሆን የተገኘው ራስን ዝቅ አድርጎ ከመፍቀድ ነው። በደቡብ ኢጣልያ በናፖሊ አገርም ራስን ወደ ኋላ ቀና ማድረግ እንቢታ ነው። በቡልጋርያ ደግሞ ሰው «አዎን» ለማለት ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዘውዛል። እንግዲህ አንድ የወሎ ሰው በደስታ ቀና ብሎ «አዎን» ሲል አንድ የግሪክ ነጋዴ ቢያየው እንቢ እንደ ተባለ ቈጥሮ ዕቃውን ሰብስቦ ሊሄድ ይችላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ነገር ግን አልተግባቡም።

በእንግሊዞች ዘንድ ራስን ወደ ታች ነቅነቅ ማድረግ «ኖድ» ይባላል። ይህ አንድ ቃል ብዙ ትርጓሜ ተሸክሟል። መጀመሪያ እሺ ማለት ነው። ሁለተኛ በመንገድ የሚተላለፉ ሁለት ሰዎች ሳይቆሙና ሳይጨባበጡ የሚሰጣጡት አጭር ሰላምታ ነው። ሦስተኛ ጌታ ለአገልጋዩ፥ በጨረታም ቦታ ገዢ ለሻጭ ያለ ድምፅ የሚሰጠው ምልክት ነው። አራተኛ እኛ ማንጎላጀት የምንለው ነው፤ በተቀመጠበት እንቅልፍ የጣለው ሰው ራሱ ዝቅ ከፍ ስለሚል ነው። በዚህም ላይ እንግሊዞቹ ቀልድ ጨምረውበታል። በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 4 ቃየን ወንድሙን ከገደለ በኋላ የተቀመጠበት ምድር ኖድ ስለሚባል፥ ጆናታን ስዊፍት የተባለው ጸሐፊ በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ እንቅልፍ መሄድን ወደ ኖድ ምድር መሄድ ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ እንግሊዞች ልጆቻቸውን ሲያስተኙ ይህን ይላሉ። በዕብራይስጥ ግን ኖድ የእንቅልፍ ነገር የለበትም። ምሥጢሩ መቅበዝበዝ፥ አገር አጥቶ መንከራተት ነው። የሚያስደንቀውም ከዚያው ሥር የወጣው ግሥ ላዘነ ሰው ራስን እየነቀነቁ ማጽናናትንም ያመለክታል፤ የኢዮብ ወዳጆች ሊያጽናኑት በመጡ ጊዜ በዕብራይስጡ የተጻፈው ቃል ይኸው ነው። እንግዲህ በአንድ ሥር ውስጥ የተንከራታቹም መከራ፥ ለተንከራታቹም የሚያዝነው ራስ አብረው ይገኛሉ።

በቅዱሳት መጻሕፍት ራስን መነቅነቅ ሁልጊዜ መልካም አይደለም። በመዝሙረ ዳዊትም ሆነ በወንጌል የመከራ ሰውን እያዩ ራሳቸውን የሚነቀንቁ ዘባቾች ተጽፈዋል፤ ጌታችንም በመስቀል ላይ ሳለ መንገድ አላፊዎቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ደግሞ የራስ ምልክት ወደ አምልኮ ተመልሷል። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ ሕዝቡ ራሱን በእግዚአብሔር ፊት ዝቅ እንዲያደርግ ያዝዛል። ሊቃውንቱም የቅዱስ ያሬድን ዜማ መቋሚያ ይዘው ሲዘሙ ራሳቸውና ሰውነታቸው ከዜማው ጋር ወዲያና ወዲህ ይላል። ይህ ሁሉ ራስ ለማክበርም ለማዋረድም፥ ለመስገድም ለመዝበትም እንደሚያገለግል ያሳያል። ትርጓሜውን የሚያውቀው ሥርዓቱን የሚያውቅ ብቻ ነው።

ወደ ለንደኑ መጽሐፍ እንመለስ። ቻርልስ ዳርዊን ስለ ፍጥረት በጻፈው ነገር ከብዙ ሊቃውንት ጋር የተከራከረ የእንግሊዝ ሰው ነው፤ ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገው ግን ሌላው ሥራው ነው። ይህ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1867፥ የሰው ልጅ ሐዘኑን፥ ቍጣውንና ደስታውን በፊቱና በሰውነቱ የሚገልጥበት መንገድ በሕዝቦች ሁሉ አንድ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ለማወቅ ብሎ፥ በልዩ ልዩ አገር ለሚኖሩ እንግሊዞች የጥያቄ ወረቀት አሳትሞ ላከ። ከጥያቄዎቹ 16ኛው፥ ሰዎቹ ሲፈቅዱ ራሳቸውን ከላይ ወደ ታች ያደርጋሉ ወይ፥ እንቢ ሲሉስ ወደ ጎን ይነቀንቃሉ ወይ የሚል ነበረ። ከሚስዮናውያን፥ ከሹማምንትና ከተጓዦች 36 መልስ ደረሰው። እነዚህን ሰብስቦ በ1872 የሰውና የእንስሳ ስሜት አገላለጥን የሚመለከተውን መጽሐፉን አሳተመ።

ዳርዊን በዚህ መጽሐፍ አንድ አሳብ አቅርቧል። ሕፃን ጡት ወይም ምግብ አልፈልግም ሲል ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፤ ሲፈልግ ግን ራሱን ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ስለዚህ ራስን መነቅነቅ ለእንቢታ፥ ዝቅ ማድረግም ለእሺታ የሆነው ከሕፃንነት ጠባይ የመጣ ይመስላል አለ። ላውራ ብሪጅማን የምትባል ከልጅነቷ ዕውርና ደንቆሮ የሆነች የአሜሪካ ልጅ እንኳ «አዎን» ስትል ራሷን ዝቅ፥ «አይደለም» ስትል ወደ ጎን ታደርግ እንደ ነበረ ለማስረጃ አምጥቷል። ነገር ግን ከልዩ ልዩ አገር የደረሱት መልሶች ሁሉ አልተስማሙለትም። ከማይስማሙት አንዱ የኢትዮጵያ ሰዎች ነገር ነበረ። እንደ ተጻፈው፥ የኢትዮጵያ ሰዎች እንቢ ሲሉ ራሳቸውን ወደ ቀኝ ትከሻቸው ከንዳት አድርገው አፋቸውን ዘግተው በምላሳቸው ትንሽ ድምፅ ያሰማሉ፤ ሲፈቅዱ ግን ራሳቸውን ወደ ኋላ ቀና አድርገው ቅንድባቸውን ለአንድ አፍታ ከፍ ያደርጋሉ። ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ምስክርነቱ እውነት መሆኑን ወዲያው ያውቃል።

ዳርዊን ኢትዮጵያን አላያትም። ስለ ኢትዮጵያ ሰዎች የመለሰለት ሻምበል ስፒዲ ነበረ። ዳርዊን በመጽሐፉ መግቢያ እንደ መሰከረው፥ ስፒዲ ለጥያቄዎቹ የመለሰው ከፊሉን ከትዝታው፥ ከፊሉን ደግሞ በዚያን ጊዜ በሞግዚትነት ይጠብቀው የነበረውን የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ እየተመለከተ ነው። ይህ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። እንግዲህ የኢትዮጵያ ሰው ሐዘኑንና ደስታውን፥ እሺታውንና እንቢታውን በፊቱ እንዴት እንደሚያሳይ በአውሮፓ ሊቅ መጽሐፍ ውስጥ ሲጻፍ፥ ከምስክሮቹ አንዱ ከአገሩ የተወሰደ የአንድ ሕፃን ፊት ነበረ።

ትሪስትራም ቻርልስ ሶየር ስፒዲ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1836 በህንድ አገር የተወለደ፥ ቁመቱ እጅግ የረዘመ የእንግሊዝ መኰንን ነበረ። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዐፄ ቴዎድሮስን አገልግሏል፤ አማርኛም ተምሯል፤ የአገሩም ሰው ባሻ ፈለቀ ብሎ ጠርቶታል። በኋላ ከአገራችን ወጥቶ ሳለ፥ ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ታስረው የነበሩትን አውሮፓውያን ለማስፈታት 13 ሺህ ያህል ወታደር ይዞ በመጣ ጊዜ ቋንቋ ስለሚያውቅ በአስተርጓሚነት ተጠርቶ አብሮት መጣ።

መቅደላ ከደሴ በስተ ምዕራብ በደቡብ ወሎ የሚገኝ፥ ዛሬ አምባ ማርያም የሚባል ተራራ ነው። በዚያ ወራት የደሴ ከተማ ገና አልተቈረቈረችም። በስቅለት ዓርብ፥ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከአምባው በታች በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ፤ የዐፄ ቴዎድሮስም ሠራዊት በእንግሊዞቹ አዲስ ጠብመንጃና ሮኬት ፊት ብዙ ሰው አለቀበት። ከዚህ በኋላ በፋሲካ እሑድ አንድ ነገር ሆነ፤ ይህም ነገር የምልክት ትርጓሜ ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ ይገልጣል። ንጉሠ ነገሥቱ እንግሊዞቹም ክርስቲያኖች ናቸውና ይፈስኩበት ብለው 1000 ላምና 500 በግ ላኩ። በአገራችን ልማድ ከጠላት የተላከ የበዓል ስጦታ ከተቀበሉት ጠብ ቀርቷል ማለት ነው። ስጦታው ተቀባይነት አገኘ የሚል ቃል ለንጉሡ ደረሳቸው፤ ደስም አላቸው፤ የቀሩትንም አውሮፓውያን ሰደዱ። ነገር ግን ከብቱ ወደ እንግሊዞቹ ሰፈር ሳይገባ በመንገድ ቀረ። ናፒየር በፍጹም እጅ ይስጡ ከማለት ፈቀቅ ያላለ ነበርና በእርሱ ዘንድ የዕርቅ ነገር አልነበረም። ንጉሡ ይህን በተረዱ ጊዜ ተስፋቸው ተቈረጠ። በማግሥቱ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን አምባው ሲሰበር በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። በሁለቱ ወገኖች መካከል አስተርጓሚ አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው የምልክቱ ትርጓሜ ነው። አንደኛው እሺ ተባልሁ ሲል ሌላው እሺ አላልሁም ብሏል።

ከዚህ በኋላ አምባው ተዘረፈ፤ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ሄዱ፤ የተረፈውም በእሳት ጠፋ። ከተወሰዱት ሁሉ የሚበልጠው ግን ሕፃኑ ነው። ልዑል ዓለማየሁ የተወለደው ሚያዝያ 16 ቀን 1853 ዓ.ም. ስለ ሆነ አባቱ በሞቱ ጊዜ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ፥ የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፥ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ ታመው ግንቦት 8 ቀን 1860 ዓ.ም. በትግራይ ምድር ዐረፉ፤ በጨለቆት ሥላሴም ተቀበሩ። ሕፃኑ በአንድ ወር ያህል ጊዜ ውስጥ አባትም እናትም አጣ። አባቱ እኔ ከሞትሁ ልጄን ለእንግሊዞቹ አደራ ስጡት ብለው ነበር የሚል ቃል በእንግሊዞቹ ጽሑፍ ይገኛል። ይህ ቢሆንም አደራው የሟች ቃል ነው። ያንን ሕፃን ራሱን፥ ባሕር ተሻግረህ ትሄዳለህን ብሎ የጠየቀ፥ መልሱንም የጠበቀ ሰው በታሪክ አልተጻፈም።

በሐምሌ 1860 ዓ.ም. ልጁ እንግሊዝ አገር ገባ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም በዋይት ደሴት በቤተ መንግሥታቸው ተቀበሉት። ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ እርሱንና ስፒዲን የኢትዮጵያ ልብስ እንደ ለበሱ አነሣቻቸው፤ ፎቶግራፎቹም ዛሬ ድረስ አሉ። ከዚያም ስፒዲ በሥራው ወደ ህንድ በሄደ ጊዜ ልጁን ይዞት ሄደ። ዳርዊን የጠየቀውን ነገር ስፒዲ የተመለከተው እንዲህ በሞግዚትነቱ ዘመን ነው። ልጁ ለሚወደው ሰው «አዎን» ሲል ቀና ይላል፤ ቅንድቡን ያነሣል፤ ሞግዚቱም ይህን ለሊቁ ይጽፋል። በነገሩ ውስጥ ክፋት የለበትም፤ ስፒዲ ልጁን ይወደው እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ሆኖም ልጁ የሚናገረውን ከመስማትና የሚናገርበትን መንገድ ከመመዝገብ መካከል ልዩነት አለ። መጽሐፉ የልጁን እሺታ ቅርጽ ጠብቆልናል፤ እሺ ያለው ለምን ነገር እንደ ሆነ ግን አልነገረንም።

በኋላ ልጁ በእንግሊዝ ትምህርት ቤት ይደግ ተብሎ ከስፒዲ ተለየ፤ በአማርኛ የሚያነጋግረው ወዳጁ በዚህ ቀረበት። አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ ከአገር ቤት ሆነው ናፍቆታቸውን በደብዳቤ ጽፈውለት ነበር። እርሱ ግን በቼልተናም፥ ከዚያም በረግቢ ትምህርት ቤት እንደ እንግሊዝ ልጅ ተማረ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1878 ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። በእነዚህ ቦታዎች ለጥያቄ መልስ የሚሰጠው ራስን ወደ ታች በማድረግ ነው። ከመቅደላ ይዞት የመጣው ቀና የሚል «አዎን» በዚያ አገር የሚያነበው ሰው አልነበረውም። የጦሩን ትምህርት ትቶ በሊድስ ከተማ በአንድ መምህር ቤት ሳለ በሳንባ ሕመም ታመመ፤ ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በተወለደ በ18 ዓመቱ ዐረፈ። ንግሥቲቱም ዘመድ በሌለበት በባዕድ አገር ብቻውን መሞቱን በዕለት ማስታወሻቸው ላይ በሐዘን ጻፉ። በዊንድሰር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀበረ፤ በግድግዳውም ላይ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 ስለ ተቀበሉት እንግዳ የተነገረው ቃል ተቀርጾለታል። ቃሉ ቅዱስ ነው፤ ነገር ግን እንግዳ የሚባለው በገዛ እግሩ የመጣ እንጂ ከቤቱ የተወሰደ ነውን ብሎ አንባቢ ይጠይቃል። በዕብራይስጥ ኖድ የሚለው ቃል ምሥጢር በእርሱ ላይ ተፈጽሟል፤ ተንከራተተ፥ ራሱን እየነቀነቀ የሚያለቅስለት የአገሩ ሰው ግን በቀብሩ አልቆመም።

የነገሩ ፍጻሜ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በ1999 ዓ.ም. ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ጠይቀው ነበር። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ከእንግሊዝ ቤተ መንግሥት፥ በዚያ የተቀበሩትን የሌሎቹን ዕረፍት ሳይነኩ የእርሱን ማውጣት አይቻልም የሚል መልስ ተሰጠ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ግን ከስፒዲ ቤተሰብ ዘንድ ተጠብቆ የኖረ ከልዑሉ ራስ የተቈረጠ ጥቂት ፀጉር በለንደን ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ተሰጠ። ቀና እያለ «አዎን» ይል ከነበረው ከዚያ ራስ ለአገሩ ሰዎች የተሰጠው ይህ ጥቂት ፀጉር ነው።

አሁን ዳርዊን ያልመረመረውን አንድ ነገር ማየት ይገባል። በእንግሊዝ ልማድ ራስን ዝቅ ማድረግ ሰላምታም እሺታም ነው። በእኛ ልማድ ግን እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ወደ ታች የሚሆነው ራስ አክብሮት ነው፤ ወደ ላይ የሚሆነው እሺታ ነው። ራሱን የሚደፋ ሰው አክብሬሃለሁ፥ ፈርቼሃለሁ፥ አፍሬአለሁ ይላል እንጂ ተስማምቻለሁ አላለም። በቋንቋችንም ቀና ማለት አንገትን ማንሣት ብቻ ሳይሆን የልብ ቅንነትና የመንገድ መቃናት መግለጫ ነው፤ ቀና ልብ፥ ይቅናህ እንላለን። ስለዚህ የኢትዮጵያን ሰው አንገት መድፋት እንደ ስምምነት የቈጠረ እንግዳ ሁሉ ተሳስቷል።

ከአገሩ ልማድ ውጭ የሆነ ሰው ብቻ አይደለም፤ ወረቀትም እንዲህ ያለ ስሕተት ሊሸከም ይችላል። መቅደላ ከተሰበረ 21 ዓመት በኋላ፥ ከደሴ በስተ ሰሜን በአምባሰል ምድር በውጫሌ፥ ዐፄ ምኒልክና የኢጣልያ መልእክተኛ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውል ተዋዋሉ። በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስለሚያደርጉት ነገር በኢጣልያ መንግሥት ረዳትነት መላላክ ይቻላቸዋል ይላል፤ የኢጣልያንኛው ግን በኢጣልያ በኩል ለማድረግ ፈቅደዋል የሚል ነው። አማርኛው መብት ሲሰጥ ኢጣልያንኛው ፈቃድ ወሰደ። ኢጣልያም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ ነገሥታት አስታወቀች። ዐፄ ምኒልክ ያልሰጡትን እሺታ በሌላ ቋንቋ ተጽፎባቸው ሲያገኙት ውሉን አፈረሱ፤ ክርክሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ በደም ተፈታ። በአንድ የወሎ ምድር፥ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ፥ አንድ ጊዜ በከብት ስጦታ፥ አንድ ጊዜ በአንድ ቃል እሺታ ተሳስቶ ተነበበ፤ በሁለቱም ጊዜ የብዙ ሰው ነፍስ ጠፋ።

ይህ ታሪክ የነገሥታትና የባዕዳን ብቻ እንዳይመስል፥ በየቤታችን የሚሆነውንም መመልከት ይገባል። ሽማግሎች ለጋብቻ በተላኩ ጊዜ ልጅቱ ትጠራና በአባቷ ፊት ትቆማለች። ምን ትያለሽ ሲሏት አንገቷን ትደፋለች። ሽማግሎቹም ዝም ማለቷ መፍቀዷ ነው ብለው ምርቃት ይጀምራሉ። ነገር ግን ከላይ እንደ ተገለጠው፥ በአገራችን ልማድ አንገት መድፋት አክብሮትና እፍረት ነው፤ እሺታ አይደለም። ልጅቱ አባቷን አከበረች እንጂ ሙሽራውን ፈቀደች ማለት አይደለም። እንግሊዞቹ በማያውቁት አገር የሠሩትን ስሕተት እኛ በምናውቀው አገር፥ በገዛ ልጃችን ላይ ስንሠራው ከባድ ይሆናል። ፍትሐ ነገሥት ጋብቻን ያለ ሁለቱ ፈቃድ አያጸናም፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም የሁለቱን ነጻ ፈቃድ ይጠይቃል። ሥርዓቱም ሕጉም ተስማምተዋል፤ የቀረው ጠያቂው መልሱን በቃል መስማቱ ነው።

የነፍስ አባትም በንስሐ ጊዜ እንዲህ ነው። ልጁ ራሱን ደፍቶ ሲሰማው ተግሣጹን ተቀበለ ብሎ ሊያሰናብተው አይገባም፤ ከልብህ ተስማምተሃልን ብሎ ቃሉን መስማት አለበት። መምህርም በትምህርት ቤት ተማሪው ራሱን ስለ ነቀነቀ ብቻ ትምህርቱ ገብቶታል አይበል፤ ያላወቀ ተማሪ ከሁሉ ይልቅ ራሱን ፈጥኖ ይነቀንቃልና። ዳኛም፥ አባትም፥ ሹምም እንዲሁ። የራስ ምልክት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ንግግርን ያሳምራል፥ ፍቅርን ያሳጥራል። ነገር ግን የሰው ዕድል የሚወሰንበት ነገር በሆነ ጊዜ ምልክቱ ብቻውን አይበቃም።

ሕፃኑ ዓለማየሁ ቅንድቡን አንሥቶ ያለው «አዎን» በመጽሐፍ ተመዝግቦ እስከ ዛሬ ይነበባል። ስለ ገዛ ሕይወቱ የሚለው ቃል ግን አልተጠየቀምና አልተጻፈም። ከመቅደላ አምባ በታች ባለችው ምድር የሚኖር ካህንና መምህር፥ አባትና ሽማግሌ ይህን ቢያስብ፥ በፊቱ የቆመው ሕፃን ወይም ቆንጆ አንገቱን ደፍቶ ሲያየው ቀና በል ይለዋል፤ ቀና ሲልም ቃሉን እስኪናገር ይታገሠዋል። እግዚአብሔር ልብን ያያል፤ ሰው ግን ልብን የሚያውቀው ጠይቆ በመስማት ነው።